ስለ ራስ ፍልጠትና ስለ ማዕድ ሰዓት አጭር ታሪክ

በዚህ ዓመት መጽሔት ላይ አንድ ነገር እንድንጽፍ በተጠየቅን ጊዜ የመረጥነው ርእስ ስለ ራስ ፍልጠት ነው። ሐኪም አይደለንም። በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ደብዳቤ ስንመዘግብና ፋይል ስናገላብጥ ኖረን ጡረታ የወጣን ነን። ሆኖም ይህ በሽታ ከቤታችን የማይጠፋ እንግዳ ስለሆነ፣ ስለ እርሱ ከጥንት ጀምሮ የተባለውን ስንሰበስብ ብዙ ዓመት ሆኖናል። የተሰበሰበው ነገር ደግሞ ለዕድር ሥራ የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው ለአባሎች ማካፈል ይገባል ብለናል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

በመጀመሪያ፣ ራስ ፍልጠት ስንል ማንኛውንም ራስ ምታት ማለታችን አይደለም። ፀሐይ የመታው፣ ጉንፋን የያዘው፣ ሲጠጣ ያደረ ሁሉ ራሱን ያመዋል። እኛ የምንለው ሐኪሞች ማይግሬን የሚሉትን ነው። ይኸውም ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን የሚጀምር፣ እንደ ደም ሥር ትርታ የሚመታ፣ የሚያጥወለውልና የሚያስታውክ፣ ብርሃንና ድምፅ የሚያስጠላ፣ ሳይታከም ከቀረ ከ4 ሰዓት እስከ 3 ቀን የሚቆይ ነው። አንዳንዱን ሰው ሕመሙ ሳይጀምር ዓይኑ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልበታል። በየሰፈራችን ራሷን በሻሽ ጠፍራ፣ መስኮት ዘግታ፣ ልጆቹን «ዝም በሉ» እያለች የምትተኛ ሴት ሁሉም ያውቃል። ሴቶቹ ከወንዶቹ ይበዛሉ።

በአገራችን ለዚህ በሽታ የተሰጠው ምክንያት ብዙ ነው። ምች ነው ይባላል፤ ዳማከሴ ታሽቶ ይሸተታል፤ ጭማቂውም ይጠጣል። ቡዳ ነው የሚልም አይጠፋም። ሐኪሞቻችን በቁጥር ለማወቅ የጣሩት ግን ዘግይቶ ነው። በ1995 ዓ.ም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመስቃንና ማረቆ ገጠር ከ15 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመው፣ በዓመት ውስጥ ማይግሬን የያዘው ሰው ከመቶ 3 ያህል መሆኑን ገልጸዋል። በ2016 ዓ.ም የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከመቶ ወደ 18 ያህል አድርሶታል። የአጠያየቁ ዘዴ ስለሚለያይ ሁለቱን እንዲሁ ማወዳደር አይገባም፤ ነገር ግን በሁለተኛው ሒሳብ ብንሄድ ከዕድራችን አባሎች ውስጥ የሚታመሙት በጣት የሚቆጠሩ አይደሉም።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ እንመለስ። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው የጴርጋሞኑ ሐኪም ጋሌኖስ ለበሽታው ሄሚክራኒያ የሚል የግሪክ ስም ሰጥቶት ነበር፤ ትርጓሜው የራስ ግማሽ ማለት ነው። ይህ ቃል በላቲን አፍ ተቆራርጦ ወደ ፈረንሳዮች ሲደርስ ማይግሬን ሆነ። ጋሌኖስ የነገሩን ምንጭ ያደረገው ሆድን ነው። ከጨጓራ የሚነሣ መጥፎ እንፋሎትና ሐሞት ወደ አናት እየወጣ ይመታል ብሎ ያምን ነበር። ሕመምተኛው ስለሚያስታውክ፣ ሲያስታውክም አንዳንዴ ስለሚቀለው፣ ከሆድ ነው ማለቱ አይፈረድበትም። ዐረቦቹ፣ ከእነርሱም ጋር በ1037 ዓ.ም የሞተው ታላቁ ኢብን ሲና፣ በሽታውን ሸቂቃ ብለውታል። በዐረብኛ ሸቀ ማለት ሰነጠቀ፣ ፈለጠ ማለት ነው ይላሉ። እኛም «ራሴን ፈለጠኝ» እንላለን። ሕመሙ አንድ ሲሆን ቃሉም እየተቀራረበ ይመጣል መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ለብዙ መቶ ዓመት ተከሳሹ ሆድ፣ ወንጀለኛውም ምግብ ሆኖ ኖረ። ከሁሉ ግልጥ አድርጎ የጻፈው የለንደኑ ሐኪም ጆን ፎዘርጊል ነው። እርሱ በ1780 ዓ.ም ሞቶ ጽሑፉ በ1784 የታተመለት ሲሆን፣ ራስ ፍልጠት የሚያመጣው የአመጋገብ ጥንቃቄ ማጣት ነው ብሎ የከለከላቸውን ይዘረዝራል፤ የቀለጠ ቅቤ፣ ስብ ሥጋ፣ ቅመም፣ በተለይም ቁንዶ በርበሬ፣ ቅቤ የተቀባ ትኩስ ዳቦ፣ ጠንካራ ቢራ። ይህ ዝርዝር ወደ እኛ ሰፈር ቢመጣ ለፋሲካ ምን ሊተርፈን ነው? ሆኖም ፎዘርጊል ዝም ብሎ የሚፈርድ ሰው አልነበረም። ከሕመሙ በፊት ዓይን ላይ የሚታየውን ብልጭታ በደንብ አድርጎ ጽፏል።

በ1873 ዓ.ም ኤድዋርድ ሊቪንግ የሚባል እንግሊዛዊ ስለዚህ በሽታ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አወጣና ነገሩን ከሆድ ላይ አንሥቶ ወደ አንጎል ወሰደው። የነርቭ ማዕበል ነው አለ። የማስታወኩ ነገር ምክንያት ሳይሆን ውጤት ነው ማለቱ ነው። የዛሬ ሐኪሞች በአጠቃላይ ከእርሱ ጋር ይስማማሉ። ግን ምግብን የመክሰሱ ነገር በዚህ አልቆመም።

በ1960ዎቹ ዓመታት የሆነው ነገር ይገርማል። በዚያን ጊዜ ለጭንቀት በሽታ የሚሰጥ አንድ ዓይነት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በድንገት ደማቸው እየወጣ ከባድ ራስ ምታት ይጥላቸው ጀመር። ምክንያቱ ሲፈለግ አንድ የኖቲንግሃም ፋርማሲስት ሚስቱ ይህን መድኃኒት እየወሰደች አይብ በበላች ጊዜ የሆነችውን ጽፎ ላከ። በመጀመሪያ ነገሩ እንደ ቀልድ ታይቶ ነበር። ባሪ ብላክዌል የሚባለው ወጣት ሐኪም ግን ተከታትሎ እውነት መሆኑን በ1963 ዓ.ም አስታወቀ። ለወራት ተቀምጦ በበሰለ የፈረንጅ አይብ ውስጥ ታይራሚን የሚባል ነገር ይከማቻል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ሰውነት ይህን እንዳያጠፋ ይከለክላል። ከዚህ ተነሥተው ዶክተር ኤዳ ሃኒንግተን በ1967 ዓ.ም፣ መድኃኒቱን የማይወስዱ የማይግሬን ሕመምተኞችንም ታይራሚን ሊያማቸው ይችላል ብለው ጻፉ። ከዚያ በኋላ አይብ የዓለም ጠላት ሆነ። በዚህ አጋጣሚ የእኛ አይብ በትኩሱ የሚበላ እንጂ ለወራት የሚቀመጥ ስላልሆነ፣ እንደ ጎጃሙ መታታ ያለውን ሳይጨምር፣ ከፈረንጁ ጋር አብሮ ሊከሰስ አይገባውም ለማለት እንወዳለን።

ከአይብ ቀጥሎ ሌሎቹ ተራ በተራ ቀረቡ። በ1968 ዓ.ም የቻይና ምግብ ቤት ማጣፈጫ፣ በ1972 ዓ.ም የታሸገ ቋሊማ ማቆያ ጨው፣ ከዚያም ቸኮላት፣ ቀይ ወይን ጠጅ። አንዳንዱ ክስ ጸና፣ አንዳንዱ ውድቅ ሆነ። የቻይናው ማጣፈጫ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በ2018 ዓ.ም ዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር ካወጣው የምክንያቶች ዝርዝር ተሠርዟል። መጠጥ ግን ብዙዎችን እንደሚያም አከራካሪ አይደለም፤ ይህን ለማወቅ ጥናትም አያስፈልግ።

የቸኮላቱ ነገር ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። ብዙ ሕመምተኞች «ቸኮላት በላሁ፣ በማግስቱ ታመምሁ» ይላሉ። በ1997 ዓ.ም በአሜሪካ 63 ሴቶች ቸኮላትና ቸኮላት የሚመስል ሌላ ነገር የትኛው የቱ እንደሆነ ሳይነገራቸው ተሰጥቷቸው ልዩነት አልተገኘም። ታዲያ እነዚያ ሁሉ ሰዎች ዋሹ ማለት ነው? አይደለም። በ2014 ዓ.ም የለንደን ተመራማሪዎች የአንጎልን ምስል አንሥተው እንዳሳዩት፣ ረሃብንና እንቅልፍን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ሕመሙ ከመጀመሩ ሰዓቶች አስቀድሞ ሲሠራ ይታያል። ስለዚህም በሽታው ውስጥ ለውስጥ ከጀመረ በኋላ ሰውየውን ጣፋጭ ያሰኘዋል፤ ያዛጋዋል፤ ይበላል፤ ከዚያም ራሱን ይፈልጠዋል። የበላው ነገር የበሽታው ምልክት ሆኖ ሳለ እንደ በሽታው አባት ተቆጠረ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን ደርሰናል። ይህ ሁሉ ሊቅ ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ የተበላውን ሲመረምር፣ ያልተበላውን አጥብቆ የጠየቀ ጥቂት ነው። እኛ እንደሚመስለን ሐኪም ቤት የሚሄደው ባለጠጋ ስለነበረ ነው፤ የባለጠጋ ማዕድ ደግሞ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። በ1966 ዓ.ም ብላውና ከሚንግስ የሚባሉ ሁለት የለንደን ሐኪሞች ግን በመጾም ብቻ በአንዳንድ ሕመምተኞች ላይ ማይግሬን ማስነሣት እንደሚቻል አሳዩ። በ1995 ዓ.ም በእስራኤል በሐኪም ቤት ሠራተኞች ላይ በተደረገ ጥናት በዮም ኪፑር ከጾሙት ከመቶ 39ኙን ራስ ሲያማቸው ካልጾሙት ግን ከመቶ 7ቱን ብቻ ነው። በ1999 ዓ.ም ደግሞ በሪያድ በረመዳን መጀመሪያ ቀን ተመሳሳይ ነገር ታየ፤ ከጾሙት ከመቶ 41 ታመሙ። የእስራኤሎቹ ሐኪሞች ዋናውን ነገር የጾሙ ርዝመት ሲያደርጉት፣ የሪያዶቹ የቡና መቅረት ነው ብለዋል። ዛሬ በዓለም አቀፉ የራስ ምታት መዝገብ ላይ በጾም የሚመጣ ራስ ምታት ለብቻው ተመዝግቧል፤ መነሻውም ቢያንስ 8 ሰዓት እህል አለመቅመስ ነው።

ስምንት ሰዓት! እስቲ በእኛ እናስላው። በዐቢይ ጾም ከምሽቱ 2 ሰዓት እራት የበላ ሰው በማግስቱ እስከ 9 ሰዓት ከጾመ 19 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ጾም ይቅር ልንል አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ለማለት ማንም አልሾመንም። ሕመምተኛ ከጾም እንደሚፈታ ግን ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም የሚያስተምሩት ስለሆነ፣ የሚታመም ሰው ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼሁ ጋር በግልጥ ቢመካከር ነውር የለበትም። ጾሙን የሚይዝም ቢሆን ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። በተፈቀደለት ሰዓት ውኃ በደንብ መጠጣት፣ ከጾሙ በፊት ባለው ምሽት ቶሎ የማይፈጭ ምግብ፣ ማለት ባቄላ፣ ምስር፣ ሽሮ በእንጀራ መብላት፣ በመፈሰኪያውም ሰዓት ባዶ ሆድ ላይ መጠጥ አለመጨመር ይጠቅማል።

ስለ ቡና ጥቂት እንጨምር፤ ይህ የእኛው የገዛ ቤት ታሪክ ነውና። ቡናው ከአገራችን ቢወጣም፣ በደጋው የነበረው ክርስቲያን «የእስላም መጠጥ ነው» እያለ ብዙ ዘመን ሳይጠጣው ኖሯል። ይህ የተለወጠው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ግድም ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ስለጠጡትና አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ስላስወገዱ ነው ይባላል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ከቅድመ አያቶቻችን ያልወረስነው አንድ ራስ ምታት አለን ማለት ነው፤ እርሱም የቡና ሐራራ ነው። የጀበናው ሰዓት ሲያልፍ የሚያፋጭረው፣ የሚያነጫንጨው፣ ከዚያም አናት የሚይዘው ነገር ስንፍና ወይም ዐመል አይደለም። በ1992 ዓ.ም በአሜሪካ 62 ሰዎች፣ ያውም በጣም ጠጪ ያልነበሩ፣ ቡናና ሻዩ ሳያውቁት ሲቀርባቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን መካከለኛ ወይም ከባድ ራስ ምታት ያዛቸው። ከመጨረሻው ሲኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ማይግሬን ያለበት ሰው እንግዲህ ቡናውን በቀን አንድ ሁለት ሲኒ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ቢያደርገው ይሻላል። ጾም ሊገባ ሲልም ሳምንት ሲቀረው ቀስ በቀስ መቀነስ እንጂ በአንድ ቀን መቁረጥ አይበጅም።

ባለቤታችን ለብዙ ዓመት በጎረቤት ምክር መጀመሪያ እንቁላል፣ ቀጥሎ ሽሮ፣ በመጨረሻም ቲማቲም ተከልክለው ኖረዋል። በኋላ ሐኪም «መዝግባችሁ አምጡልኝ» ሲል፣ መዝገብ የኛ ሙያ አይደል? በአንድ ደብተር ላይ ዓምድ አሰመርንና የታመሙበትን ቀንና ሰዓት፣ ከዚያ በፊት የበሉትን፣ የመጨረሻውን እህል የቀመሱበትን ሰዓት፣ ቡናውን፣ እንቅልፉን፣ የወር አበባውንም ጭምር ስንጽፍ ከረምን። ሽሮ ነጻ ወጣ። አብዛኛው ሕመም የወደቀው ገበያ ውለው ምሳ ባለፋቸው፣ ሌሊት ታማሚ አስታመው ባልተኙበት፣ እንዲሁም በሁዳዴ መጀመሪያ ሳምንት ላይ ነው። ምሳቸው ሰዓቱን ከጠበቀ ወዲህ በሽታው ጨርሶ አልጠፋም፤ ቀንሷል ግን።

ይህን ሁሉ ለዕድር መጽሔት የጻፍንበት ምክንያት ደግሞ የሚከተለው ነው። መርዶ በእኛ ዘንድ የሚነገረው በማለዳ ነው። ሰውየው ቁርስ አልበላ፣ ቡና አልጠጣ። ከዚያ ልቅሶ፣ ዕንባ፣ ፀሐይ፣ ጩኸት። ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ይሆናል። እህል የሚቀመሰው ከቀብር መልስ ነው። ከማታው እራት ጀምሮ ቢቆጠር ሃያ ሰዓት ገደማ ይሞላል። ማይግሬን ላለበት ሰው ከዚህ የከፋ ቀን ቢፈለግም አይገኝ።

ከጥቂት ዓመት በፊት አንዲት የዕድራችን እኅት እናታቸው ዐርፈው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተረዱ። በሽታው እንዳለባቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንዲት ልጅ ሻይ ልታቀርብላቸው ስትል «ሬሳ ሳይወጣ እህል ይቀመሳል እንዴ?» ተብላ ተመለሰች። ቤተ ክርስቲያን ሲደረስ ማስታወክ ጀመሩ፤ ብርሃን ማየት አቃታቸው። ፍትሐቱ ሲደርስ፣ ሣጥኑ ሲወርድ፣ አፈር ሲመለስ፣ እርሳቸው መኪና ውስጥ ዓይናቸው በነጠላ ተሸፍኖ ተኝተው ነበር። ሰው ኀዘኑ ነው አለ። ማታ ክሊኒክ ሲወሰዱ የተቀበለቻቸው ነርስ የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ «እማማ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ያልበሉት?» የሚል ነው። እኅታችን እስከ ዛሬ የሚያንገበግባቸው የራሱ ሕመም አይደለም። «እናቴን አልሸኘኋትም» ይላሉ።

ልማድ ይፍረስ የሚል ሐሳብ የለንም። እንዲያውም እዝን የሚባለውን ነገር ያቆዩልን አባቶችና እናቶች፣ ኀዘንተኛ በራሱ እንደማይበላና ሰው ሊያጎርሰው እንደሚገባ አሳምረው የሚያውቁ ነበሩ። እኛ የምንለው ለሚታመሙት ሰዓቱ ትንሽ ይቅደም ነው። በልቅሶው ቤት ጓዳ፣ ሰው ፊት ሳይሆን፣ ስኳር ያለው ሻይ፣ ቁራሽ ዳቦ፣ ቡና ለለመደ ቡና፣ በድንኳኑም ውስጥ ውኃ በጀሪካን ቢቀመጥ ማንን ይጎዳል? ማን እንደሚታመም ለማወቅ የዕድሩ ጸሐፊ ከአባላት መዝገብ ጎን አንድ ዓምድ ቢጨምር ይበቃል፤ የሚፈልግ ያስመዘግባል፣ የማይፈልግ ይተወዋል። ስኳር በሽታ ያለባቸውም በዚያው ቢመዘገቡ ሻያቸው በሐኪም ትእዛዝ እንዲሆን ይረዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳንጽፍ ብናልፍ ይጸጽተናል። በድንገት እንደ መብረቅ የወረደ ከዚያ በፊት ያልታየ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት፣ እጅ እግር የሚያሰንፍ ወይም ምላስ የሚያስር፣ በእርግዝና ወይም በወሊድ ሰሞን የመጣ፣ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ ከሆነ፣ ስለ ምሳና ስለ ቡና ማውራት ሳይሆን ያኔውኑ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ማስታገሻ ክኒንም ቢሆን በወር ውስጥ ከ10 እስከ 15 ቀን ድረስ የሚዋጥ ከሆነ ራሱ ራስ ምታት አምጪ ይሆናልና፣ እንደ ቆሎ የሚቅሙ አባሎች ይህን ለሐኪማቸው ይንገሩ።

ከዚህ በላይ ስለ ሻዩና ስለ መዝገቡ ያቀረብነው ሐሳብ በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአጀንዳ እንዲያዝልን ለሥራ አስፈጻሚው በጽሑፍ አመልክተናል። ወጪው ሁለት ፔርሙስና አንድ ጀሪካን ነው፤ ከወርኃዊ መዋጮ ላይ የሚጨመር የለም። ፔርሙሶቹን ባለቤታችን እሰጣለሁ ብለዋል።